ድንክ ሙዝ፣ ሦስተኛ ፎቅ

አፈሩን በማዳበሪያ ከረጢት፣ ሦስት ፎቅ ተሸከምኩት፣
ደረጃው ላይ ሁለቴ አረፍኩ፣ ሁለቴም ረገምኩት።
በርሜሉ የቀለም ነው፣ ወገቡ ተቆርጦ ያጠረ፣
ታቹ በጋለ ሚስማር ስምንት ቦታ የተሰረሰረ።
በረንዳዬ ጠባብ ነው፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም፣
ባቡሩ ከታች ሲያልፍ ብርጭቆዬ ዝም አይልም።

ችግኟን የሰጠኝ ሾፌር ነው፣ የአርባ ምንጭ ሙዝ የሚጭን፣
ፍርድ ቤት ለመኪና ጉዳይ ሲመላለስ ክረምቱን።
ማመልከቻ ጻፍኩለት፤ «ሂሳብ ስንት ነው?» አለኝ፤
«ተወው» ብለው፣ በሳምንቱ በጆንያ ጠቅልሎ አመጣልኝ።
«ድንክ ናት» አለ፣ «ከአንቺ ራስ አታልፍም።»
ልቤ ሳቀ። ከእኔ ራስ የማያልፍ ደግሞ ብዙ የለም።

እኔም ድንክ ነኝ፤ ሥራ ስገባ፣ የጽሕፈት መኪናው እንዲደርሰኝ፣
የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዝ ነበር፣ ወንበር ላይ ከፍ ያረገኝ።
ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ክስ፣ የሰው ፍቺ፣ የሰው ውርስ፣
ስመታ ኖርኩ፤ ፀሐይ ወጥታ ፀሐይ እስክትመለስ።
በራሴ ስም የተከፈተ መዝገብ ግን አንድም የለኝም።

ወይዘሮ ትርንጎ በመስኮት አየቻት፤ «ኮባሽ አማረ» አለችኝ፤
«ለዮሐንስ ዳቦ ልጋግር ነው፣ ሁለት ቅጠል ቁረጪልኝ።»
«ኮባ አይደለም፣ ሙዝ ነው» ብላት፣ «ዳቦ ምኑን ያውቃል?» አለች።
አንዱን ቆረጥኩ። ሙዟ ሳምንት ሙሉ አኩርፋ ቆየች።
አቶ ሽኩር ከአራተኛ ፎቅ፣ «እንሰት ቢያያት ያፍራል» አሉ፤
ውሃ ሌሊት በመጣ ቁጥር ግን፣ «ድንኳ ጠማት» ብለው በሬን ይደበድባሉ።

ኅዳር ውርጭ ይዞ መጣ።
ቅጠሏ ጫፉ ጠቆረ፣ እሳት እንደ ነካው ወረቀት።
የቆላ ልጅ ናት፤ ማን ነገራት የአዲስ አበባን ሌሊት?
ከቤቴ ወጥቶ የቀረ ሰው የተወው ካፖርት ነበረ፣
አሥራ አንድ ዓመት ከነአዝራሩ ቁም ሳጥን ውስጥ የኖረ።
ትከሻው ለእኔ ሰፊ ነው፤ ለእሷ ግን በልኳ ሆነ፣
አንገቷ ድረስ ቆለፍኩት፤ ካፖርቱም ከብል ዳነ።
ማለዳ ትርንጎ መስኮት ከፍታ፣ በስመ አብ ብላ አማተበች፤
«ሰውዬሽ በረንዳ ላይ አድሯል!» ብላ ፎቁን ቀሰቀሰች።
መጀመሪያ አልሳቅኩም።
ኋላ ግን ጎኔን እስኪያመኝ።

በሦስተኛው ዓመት ግንቦት፣ ከልቧ መሃል አንዳች ነገር ወጣ፣
ወይን ጠጅ፣ እንደ ተጣጠፈ ጃንጥላ፣ መክፈቻውን ያጣ።
ቆጠርኩ፣ ሃያ ሦስት ጣት፤ በማግስቱ ደግሜ ቆጠርኩ፣
ገጽ እንዳይጎድል ብዬ ፋይል ሳስረክብ እንደኖርኩ።
ክረምቱን በሙሉ ድንጋይ ሆና ከረመች፤
መስከረም ፀሐይ ሲወጣ፣ ከጫፏ ጀምራ ቢጫ ሆነች።
ኪሎው ከታች ሱቅ አለ፤ ማንም ሰው ይገዛዋል፤
የእኔ አውራ ጣት ያህላል፤ መጀመሪያ ይኮመጥጣል፣ ቀጥሎ ይጣፍጣል።
ለትርንጎ ስድስት፣ ለአቶ ሽኩር ቤት ስድስት፣ ለጥበቃው ለበዳሳ አራት፣
ለደረጃው ልጆች ስድስት፤ እነሱ ተጣሉበት።
አንዷን ለሾፌሩ አስቀረሁ።
አልመጣም። መዝገቡ ተዘግቶለት ይሆናል።
ጠቆረች። በማንኪያ በላኋት።

ከዚያ አቶ ሽኩር ወረዱ፤ ቆመው አይተው ነገሩኝ፤
«አንዴ ካፈራች አበቃ፤ ይቺን መቁረጥ ነው» አሉኝ።
ቢላ ሰጠሁ፤ ፊቴን ወደ ባቡሩ ሐዲድ አዞርኩት፤
ውሃ ሲቆረጥ ድምፅ ካለው፣ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

ሥሯ ላይ ሦስት ልጆች ቆመዋል፣ ጫፋቸው እንደ እስክሪብቶ ሾሎ።
አንዷን በዳሳ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ተከላት፣ «አፈር ታግኝ» ብሎ።
አንዷን ትርንጎ ወሰደች፤ እስከ ዛሬ «ኮባዬ» ትላታለች።
ሦስተኛዋ በርሜሉ ውስጥ፣ ከጉልበቴ ሳትደርስ ቆማለች።

ትናንት ካፖርቱን አልብሼ ለካኋት፤ ውስጡ ጠፋች።
ጠርዙን ልጠፈው ወይስ ልቁረጠው?
መቀሱን ይዤ በረንዳው ላይ ቆሜአለሁ፤
ኅዳር ሩቅ አይደለም።